ስለ አርምሞ

አርምሞ የግዕዝ ቃል ነው፤ የሚወጣውም «አርመመ» ከሚለው ግስ ነው። ፍችውም ዝም አለ፣ ጸጥ አለ ማለት ነው። ግዕዝ በአንድ ግስ የሚናገረውን አማርኛ በሁለት ቃል ይናገረዋል፤ «ዝም» በሚለው ላይ «አለ»ን ይጨምርበታል። «አለ» ደግሞ ተናገረ ማለት ነውና፣ በአማርኛችን ዝም ያለ ሰው እንኳ አንድ ነገር ብሏል። ስለዚህ ሰው ዝም ባለ ጊዜ በዝምታው ምን እንዳለ መመርመር ይገባል።

አንደኛው፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚሆነው ዝምታ ነው፤ አርምሞ የሚባለውም በተለይ ይህ ነው። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ስለዚህ በሰፊው ያስተምራል። አፉ ተዘግቶ በልቡ ባልንጀራውን የሚከስ ሰው ገና አላረመመም። በቅዳሴም ጊዜ ካህኑ በለሆሳስ ሲጸልይ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ጸሎቱ አይቋረጥም።

ሁለተኛው፣ ስለ ባልንጀራ ፍቅር የሚሆነው ነው። የንስሓ አባት የሰማውን ኀጢአት በልቡ ይቀብረዋል፤ የተቆጣም ሰው ቁጣው እስኪበርድ ዝም ይላል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» መባሉም ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን ይህ ምሳሌ ለጊዜው ሁሉ አይሆንም።

ሦስተኛው የሚያስወቅስ ዝምታ ነውና። ጌታችን በሰንበት እጁ የሰለለችውን ሰው ሊፈውስ ሳለ የጠየቃቸው ሰዎች ዝም አሉ፤ እርሱም ስለ ልባቸው ድንዳኔ እንዳዘነ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። መርዶክዮስም አስቴር ስለ ወገኖቿ ዝም እንዳትል በብርቱ አስጠንቅቋታል (አስቴር 4)። ድኻ ሲበደል አይቶ ዝም ማለት በዳዩን እሺ ማለት ነው።

አራተኛው፣ መምህራን ልንጠነቀቅበት የሚገባ፣ ቃሉ ያልገባው ሰው ዝምታ ነው። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ፣ በብዙ ቤት የእናት ቋንቋ አገውኛ፣ እርሱም አውኚ የሚባለው ነው፤ ልጆችም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል። በቤተ ክርስቲያን ግን ንባቡ ግዕዝ፣ ትርጓሜው አማርኛ ነው። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ቢሉ ሰባኪው «በአርምሞ ሰሙኝ» ብሎ አይቸኩል። በጉባኤ መካከል «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራልና፣ ሰው በዝምታው ይሸሸጋል። ስለዚህ ካህኑ ከስብከቱ በኋላ «አባባ፣ ዛሬ የሰሙትን በቤትዎ ቋንቋ ለልጅ ልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ፤ አገውኛ የሚያውቅ ዲያቆን ካለም ፍሬ ነገሩን ይድገምላቸው። በበዓለ ሃምሳ ሕዝቡ ሐዋርያትን በየቋንቋቸው ሰምተዋቸዋልና (የሐዋርያት ሥራ 2)፣ ይህ የጉባኤውን ክብር አያጎድልም።

መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 3 ለዝምታም ለንግግርም ጊዜ እንዳለው ያስተምራል። እንግዲህ የገባው ያርምም፤ ያልገባው ሳያፍር ይጠይቅ፤ መምህሩም የመንጋውን ዝምታ ለይቶ ይወቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።