ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስቆም ሁሉም ይጠፋኛል

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተራ በተራ እየወጣን ንግግር እናቀርባለን። ሌሊቱን ሙሉ ሸምድጄ ብሄድም፣ ሰሌዳው ፊት ስቆም አንድ ቃል ይጠፋኝና ሁሉም ድርግም ይላል። ወረቀቱ እጄ ላይ ይርገፈገፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽን የሚያስደልቀው፣ አፍሽን የሚያደርቀው አድሬናሊን ነው፤ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ፍርሃቱ ደግሞ አንቺ የሚሰማሽን ያህል ለተመልካች አይታይም።

ዋናው ችግር ሽምደዳው ነው። ቃል በቃል የተያዘ ንግግር እንደ መቁጠሪያ ክር ነው፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይበተናል። በቃልሽ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዢ። መሃሉን በሦስት ነጥብ ከፍለሽ መዳፍ በምታክል ካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፊ፤ ካርቶን እንደ ስስ ወረቀት አይርገፈገፍም።

ልምምዱ ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ ይሁን። ቡና ሲፈላ ለቤተሰብ አቅርቢው፤ ታናሽ ወንድምሽ ቢስቅብሽም አታቋርጪ። ክፍል ውስጥ የሚስቅ ቢኖር አዲስ አይሆንብሽም።

ተራሽ ሲደርስ ትንፋሽሽን ከሳብሽበት ረዘም አድርገሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ቃል ከጠፋሽ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ካርቶኑን አይተሽ ወደሚቀጥለው ነጥብ እለፊ። ያቺ ዝምታ ላንቺ ዓመት ብትመስልም ለአድማጭ እንደ እረፍት ናት።