አንድ ታሪክ በሦስት መንገድ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ጆ ላምበርትና ዳና አችሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአሜሪካ አገር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ ማዕከል ከፈቱ። ማዕከሉ ተራው ሰው የራሱን ታሪክ በኮምፒዩተር እንዲያዘጋጅ ያስተምር ነበር። ተማሪው ታሪኩን ይጽፋል፤ በራሱ ድምፅ ያነበዋል፤ ከዚያ ፎቶግራፎቹን ይደረድርበታል። ጥቂት ደቂቃ የሚታይ ፊልም ይሆናል። ዛሬ ይህን ሥራ በእጅ ስልክም መሥራት ይቻላል።

አንዲት ተማሪ አያቷ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ያዩትን በሦስት መንገድ ሞከረች እንበል። ጽሑፉ የቦታውንና የሰውን ስም ይይዛል፤ የአያቷን ሲቃ ግን አያሰማም። ድምፁ ሲቃውን ያሰማል፤ ማንበብ ያልተማረም ሰው ይሰማዋል። ፎቶግራፉ መልካቸውን ያሳያል፤ ነገር ግን ስማቸው ካልተጻፈበት፣ ዓመታት ሲያልፉ የሚያውቃቸው አይገኝም። ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢጎድል ድስቱ ይወድቃል።

ሆኖም የሰውን ታሪክ ከመቅዳት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። ስልኩ ቢጠፋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሌላ ቦታም ይቀመጥ። ሽማግሌ ሲሞት ያልተቀዳው ታሪክ አብሮ ይቀበራልና፣ ዛሬውኑ እንጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ይዞት ጽሑፍ የማይዘው ነገር ምንድን ነው?