በሰኔ መጨረሻ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ምን ያውቃል?

በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ በየትምህርት ቤቱ የማጠቃለያው ፈተና ይሰጣል፤ ሰኔ 30 ቀን ደግሞ ካርድ ይታደላል። በዚያ ቀን በየመንገዱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ነው። አባት ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ባለሱቁ ሳይቀር ይጠይቃል። አንደኛ የወጣው ይሸለማል፤ ከአርባ በታች የወጣው ካርዱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። «ምን ተማርህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ማንሣት ነው። ጥያቄውንም ለሁሉም ክፍል ሳይሆን ለ4ኛ ክፍል ብቻ እናቀርበዋለን።

አንባቢ ምናልባት «የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ከ4ኛ ክፍል ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። መልሱ ቅርብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ምክንያቱን የፈለገው እዚያው 12ኛ ክፍል ውስጥ ነበር። አንዱ በፈተናው ክብደት፣ ሌላው በቁጥጥሩ ጥብቅነት፣ ሌላው በተማሪው ስንፍና አመካኘ። ነገር ግን የቤት መዝመም ጎልቶ የሚታየው ከጣሪያው ቢሆንም ጥፋቱ ያለው ከመሠረቱ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ የምንገኘው እኛ ከጥቂቶቹ ወገን ነን። ከእኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩት ብዙዎቹ የት እንደ ቀሩ መጠየቅ ይገባናል።

1. ስለ ምን 4ኛ ክፍል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን 8 ዓመት አድርጎ በሁለት ከፍሎት ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለው የመጀመሪያው እርከን ሲሆን፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያለው ሁለተኛው እርከን ነበር። በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ለአንድ ክፍል ያስተምር ነበር። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍልም ልጁ በተከታታይ ምዘና እየታየ እንዲያልፍ እንጂ እንዳይወድቅ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ 4ኛ ክፍል «ይህ ልጅ በእውነት ምን ይዟል?» ተብሎ የሚጠየቅበት የመጀመሪያው በር ሆነ። ዛሬ አወቃቀሩ ተለውጦ 6፣ 2፣ 4 ሆኗል፤ ይሁን እንጂ የክፍሉ ባሕርይ አልተለወጠም።

ባሕርዩም ይህ ነው። ከ4ኛ ክፍል በፊት ልጅ ማንበብን ይማራል፤ ከ4ኛ ክፍል በኋላ ግን እያነበበ ይማራል። ከዚያ ወዲያ ሳይንሱም፣ ኅብረተሰቡም፣ ሒሳቡም የሚመጣው በገጽ ላይ በተጻፈ ቃል ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ መምህሩ ቢቀር እንኳ መጽሐፉ አለው። ማንበብ ያልቻለው ግን በዓይኑ ፊት የተከፈተው መጽሐፍ የተዘጋ በር ነው። በዚያ ላይ የትምህርቱ ቋንቋ እንደየክልሉ ውሳኔ ኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይዛወራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ያልተካነ ልጅ በባዕድ ቋንቋ እንዴት ይማራል?

2. በመጽሐፉ ያለውና በልጁ ያለው

የ4ኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ እስከ 1,000,000 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች፣ ክፍልፋይን፣ አስርዮሽን፣ መለኪያንና የቅርጾችን ነገር ይማራል። በቋንቋ ምንባብ አንብቦ ጥያቄ መመለስን፣ ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃላትን፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ አንቀጽ መጻፍን ይለማመዳል። በአካባቢ ሳይንስ ስለ ሰውነቱ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ካርታና አቅጣጫ ይማራል። እንግሊዝኛ፣ የሰውነት ማጎልመሻና ሥነ ጥበብም አሉ። ዝርዝሩ መልካም ነው፤ ማንም አባት አይቶ የሚጠላው አይደለም። ጥያቄው ሰኔ ሲደርስ ከዚህ ውስጥ ከልጁ ዘንድ የቀረው ስንቱ ነው የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ካርዱን መመልከት አይበቃም። ከሁሉም በፊት ሁለት ነገሮችን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም ንባብና የቃል ስሌት ናቸው።

3. ማጥበቅና ማላላት የሚያሳየው ምሥጢር

ፊደላችን 33 ዋና ዋና ሆሄያት አሉት፤ እያንዳንዱ በ7 መልክ ሲረባ 231 ይሆናል። ይህ ብዙ ቢመስልም ለሕፃን ትልቅ ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ሆሄ አንድ ድምፅ ስላለው ልጁ መልኩን ካወቀ ይጠራዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ አታላይ ነገር አለ፤ ፊደል መጥራትና ማንበብ አንድ አይደሉም። «በ፣ ሬ፣ ው፣ ሣ፣ ር፣ በ፣ ላ» እያለ ጣቱን እየጎተተ የሚሄድ ልጅ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። መምህሩ «ማን ምን በላ?» ቢለው ዝም ይላል። ሆሄውን ሁሉ በትክክል ጠርቷል፤ አላነበበም።

ታዲያ ልጁ ገብቶት ያነበበ መሆኑ በምን ይታወቃል? አማርኛ ራሱ መፈተኛ ሰጥቶናል። ጽሕፈታችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «አባቴ አለ» የሚለው ላልቶ ሲነበብ አባት ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አባት በሕይወት ወይም በቤት አለ ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ልጆቹ በድንጋይ ይመታሉ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲላላ ልጆቹን መቺ፣ ሲጠብቅ ተመቺ ያደርጋቸዋል። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ሆሄው ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ካለፈ፣ አሳቡን ይዞታል ማለት ነው። ሁሉን በአንድ ዜማ የሚያወርደው ግን ቢፈጥንም ገና አላነበበም። ለዚህ ምርመራ ገንዘብም ባለሙያም አያስፈልግም፤ አንድ ገጽና የሚያዳምጥ ጆሮ ይበቃል።

4. «የቀረውን ሸጠ»

ወደ ሒሳብ እንለፍ። ለ4ኛ ክፍል ተማሪ 36ን ለ4 አካፍል ቢሉት 9 ብሎ ይመልሳል። አሁን ደግሞ እንዲህ ብለን እንጻፍለት፤ «አንድ ገበሬ 36 ኩንታል ጤፍ አመረተ። ሩቡን ለቤቱ አስቀርቶ የቀረውን ሸጠ። ስንት ኩንታል ሸጠ?» ብዙ ልጆች እዚህም 9 ይላሉ። አንዳንዶቹም 36ና 4ን ደምረው 40 ይላሉ፤ ገበሬው ካመረተው በላይ መሸጡ አያስደንቃቸውም። ትክክለኛው መልስ 27 ነው። ማካፈሉን አላጡትም፤ ያጡት «የቀረውን» የሚለውን አንድ ቃል ነው። እንግዲህ በካርዱ ላይ «ሒሳብ» ተብሎ የተጻፈው ድክመት ግማሹ የንባብ ድክመት መሆኑን ልብ እንበል።

ክፍልፋይም እንዲሁ ነው። ከአንድ አራተኛና ከአንድ ሁለተኛ የትኛው ይበልጣል ቢባል፣ 4 ከ2 ስለሚበልጥ አንድ አራተኛ ይበልጣል የሚል ልጅ ጥቂት አይደለም። ያው ልጅ ግን ከቤቱ እንጀራ ለሁለት ሲቆረስና ለአራት ሲቆረስ የትኛው ቁራሽ እንደሚሻለው አይሳሳትም! የገጠሩ ልጅ ደግሞ አባቱ መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ሲያርስ እያየ ያደገ ነው፤ ሲሶ ከእኩል ማነሱን ከማንም በላይ ያውቃል። ዕውቀቱ አለ፤ ከመጽሐፉ ጋር ያገናኘለት ሰው ነው የጠፋው። በሰሌዳ ላይ ከመስመር በላይና ከመስመር በታች የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የቤቱ እንጀራና የአባቱ ሲሶ መሆናቸውን ማንም አልነገረውም።

5. ምዘናው ምን ይላል?

ይህ ሁሉ የግምት ነገር ነው እንዳይባል ምዘናውን እንመልከት። የ4ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የተጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በአካባቢ ሳይንስ የተገኘው አማካይ ውጤት ያን ጊዜ 47.9 በመቶ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. 48.5 ሆነ፤ በሦስተኛው ምዘና ወደ 40.9 ወረደ። ፖሊሲው የሚጠይቀው ግን 50 ነበር። የዓለም ባንክም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ሒሳብ፣ ከትምህርት ገበታ የራቁትን ጨምሮ፣ በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ካሉት ልጆች ከ10 ውስጥ 9 ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገልጿል።

ይህን ስንል ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በመጀመሪያ ደረጃ ይማሩ የነበሩት 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ 20 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያ በፊት በጭራሽ ደጁን ያልረገጠው የእረኛው፣ የአርብቶ አደሩና የድኻው ልጅ ገባ፤ ሴት ልጅም ገባች። ነገር ግን በሩ ሲሰፋ መምህሩ፣ መጽሐፉና ወንበሩ በዚያው ልክ አልሰፉም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፈርሰዋልም። ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ራስ ላይ መጫን ስለዚህ ግፍ ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ የእያንዳንዱን ንባብ ለብቻው ላዳምጥ ቢል፣ ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ እንኳ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

6. በክረምቱ ምን እናድርግ?

አሁን የምንመለሰው ወደ ራሳችን ነው። የዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ረገድ የቆየ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወጣቶች ጎልማሳውን ፊደል አስቆጥረዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ አዋጅ አንጠብቅ። እያንዳንዳችን በክረምት ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ ወይም እዚሁ ከተማ ስንቀር፣ በቤት ወይም በጎረቤት አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ አናጣም። ለዚያ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንስጠው። አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ሀ) ከራሱ መጽሐፍ አንድ ገጽ ድምፁን አውጥቶ ያንብብልን። ሲሳሳት ቶሎ አናርመው፤ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርስና «ይህ ምን ማለት ነው?» እንበለው። ራሱ ተመልሶ ማጥበቅና ማላላቱን ያስተካክላል።

ለ) ያነበበውን መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ ቃል ይንገረን። ቃል በቃል ከሸመደደው፣ ነገሩን ለሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ እንዲናገር እንጠይቀው።

ሐ) በቀኑ ያየውን በአምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። የጽሕፈቱን ማማር ትተን፣ የት ላይ አራት ነጥብ እንዳሳረፈ እንይ። አራት ነጥብ የት እንደሚያርፍ ያወቀ ልጅ አሳብ የት እንደሚያልቅ አውቋል።

መ) ሒሳቡን ከቤቱ ሥራ እናውጣለት፤ ከሱቅ የተላከበትን ብር፣ የተቆረሰውን እንጀራ፣ የተሰፈረውን እህል እየወሰድን ጥያቄ እናድርግለት። ከመልሱ በፊት «ጥያቄው ምን ይላል?» ማለትን አንርሳ።

ሠ) በእኛ አንደበት «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ቃል አይሰማ።

እርግጥ ነው፤ ይህ የትምህርት ቤትን ግዴታ አይተካም። ለየልጁ መጽሐፍ ማዳረስ፣ የክፍሉን ብዛት መቀነስ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርን በደመወዝም በክብርም ማሳደግ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛም በየስብሰባው ልንጠይቀው የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ዘንድሮ 4ኛ ክፍልን የጨረሰው ልጅ አይጠብቀንም። መስከረም ሲጠባ 5ኛ ክፍል ይገባል፤ መጽሐፉ ይወፍራል፤ ምንባቡ ይረዝማል። ያን ጊዜ ያልገባው ነገር በዓመት በዓመቱ እየተደራረበ ይሄድና ከ8 ዓመት በኋላ ውጤቱን በመቶኛ ተለክቶ እንሰማዋለን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የክረምቱ ወራት ሁለት ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት ማለት በሁለት ወር ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ነው። ከአንድ ልጅ ጎን ተቀምጦ ለማዳመጥ ይህ ብዙ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ተራው ሳይደርሰው ለከረመው ልጅ ግን ትንሽ አይደለም።