የተማረውን የሚረሳ ጀግና



ባለፈው ሰሞን በዶርማችን ስለ ፊልም ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ፣ «የጀግና ፊልም የመጀመሪያውን ክፍል ካየህ ይበቃሃል፤ በሁለተኛው ጠላቱ ይለወጣል እንጂ ጀግናው ያው ነው» አለኝ። በጊዜው መልስ አጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ሆኖ ስላገኘሁት ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ክፍል ባለታሪኩ ኃይሉን ያገኛል፣ ይሳሳታል፣ ከስሕተቱም ይማራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ተምሮ ጨርሷል፤ ተመልካቹ ደግሞ የወደደውን ያንኑ ሰው መልሶ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ደራስያን ባለታሪኩን የተማረውን አስረስተው እንደገና ያስተምሩታል።

«ሱፐርማን»ን እንመልከት። በ1980 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ሱፐርማን ከሎይስ ሌን ጋር እንደ ማንኛውም ሰው ለመኖር ሲል ኃይሉን በገዛ ፈቃዱ ይተዋል። ወዲያው በአንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ተራ ጉልበተኛ ይደበድበዋል፤ የገዛ ደሙን አይቶ ይደነግጣል። ይህ ድንቅ ጅምር ነው። ነገር ግን ኃይሉን መልሶ አግኝቶ ጠላቶቹን ካሸነፈ በኋላ፣ ሎይስን ይስማትና የሆነውን ሁሉ ከአእምሮዋ ይደመስስባታል። ወደዚያ ምግብ ቤት ተመልሶም ጉልበተኛውን ያዋርደዋል! እንግዲህ ከዚያ ሁሉ መከራ ምን ቀረው? ፊልሙን ሪቻርድ ዶነር ጀምሮት ሪቻርድ ሌስተር ነበር የጨረሰው፤ የዶነር ቅጂ በ2006 ሲወጣም ታሪኩ የሚያልቀው ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። በሁለቱም መንገድ የሆነው ነገር እንዳልሆነ ይቆጠራል።

ለጓደኛዬ መልስ የሚሆነኝ በ2004 የወጣው የሳም ሬይሚ «ስፓይደርማን» ሁለተኛ ክፍል ነው። በ2002ቱ ፊልም ፒተር ፓርከር ሊይዘው ይችል የነበረውን ሌባ በቂም ምክንያት ለቅቆት፣ አጎቱ ቤን ሲገደል ኃላፊነትን በመራራ መንገድ ተምሮ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ይህን ትምህርት እንደ አዲስ አያስተምረውም። ትምህርቱን አጥብቆ በመያዙ ኑሮው እንዴት እንደ ተበላሸ ነው የሚያሳየን። ሰው ሲያድን እየዘገየ ፒዛ የማድረስ ሥራውን ያጣል፤ በኮሌጅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚወዳት ልጅ የምትሠራበትን ቴአትር ሳያይ ይቀራል። በመጨረሻ ኃይሉም ይከዳዋል፤ ልብሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ትዕይንት ግን ምንም ድብድብ የለበትም። ፒተርና አክስቱ ሜይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ባሏ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው ብላ ራሷን ስትወቅስ የኖረች መበለት ናት። ፒተር እጇን ይዞ ሌባውን ማን እንደ ለቀቀው ይነግራታል። አክስቱ አትጮኽም፣ አታለቅስም። እጇን ቀስ ብላ ከእጁ ታወጣና ተነሥታ ወደ ፎቅ ትወጣለች። ፒተር ብቻውን ይቀራል። ይቅርታዋ የሚመጣው ቆይቶ፣ ቤቷን ለመልቀቅ ዕቃዋን ስትሸክፍ ነው። ይህን ንግግር በመጀመሪያው ክፍል ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱም ምሥጢሩን ተሸክሞ መኖር ነበረበት። የሁለተኛ ክፍል ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጊዜ ማለፉ ራሱ የታሪኩ አካል ይሆናል።

በ2007ቱ ሦስተኛ ክፍል ግን አጎቱን የተኮሰው ፍሊንት ማርኮ የሚባል ሌላ ሰው ነው ተባለ። ፒተር ለዚህ ሰው ይቅርታ ማድረጉ መልካም ነው፤ ሆኖም የራሱን ሸክም እንዲህ ማቅለላቸው አልተዋጠልኝም።

ጓደኛዬ ያሸነፈኝ በ«አይረን ማን» ነው። ቶኒ ስታርክ በ2013ቱ ሦስተኛ ክፍል መጨረሻ የብረት ልብሶቹን በፈንጂ ያጋያል፤ በደረቱ ያለውንም ስብርባሪ በቀዶ ጥገና ያስወጣል። በ2015ቱ የ«አቬንጀርስ» ፊልም ግን ገና ከመክፈቻው የብረት ልብሱን ለብሶ ይበራል፤ ለምን እንደ ተመለሰ የሚነግረን የለም።

ይህን ጽሑፍ ሳነብለት ጓደኛዬ፣ «ባቡሩን በደረቱ ሲያቆም አስታውሳለሁ፤ ጠረጴዛውን ግን ጨርሶ አላስታውስም» አለኝ። ቅዳሜ ከፈተና በኋላ እንደገና ልናየው ተቀጣጥረናል።