መሸፈንና መሸሸግ

ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲያምርለት ይወዳል። ግቢውን ይጠርጋል፤ አበባ ይተክላል፤ ለዓይን የማያምረውንም ዕቃ ወደ ጓሮ ያርቃል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መልኩ ባያምርም ሊታይ የሚገባው ዕቃ አለ። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸሽግ ሰው ውበትን ያገኘ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን አደጋን በቤቱ ያሳድራል።

ሞጆ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምሥራቅ ሸዋ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጂቡቲ የሚመጣው መንገድና የባቡር ሐዲድ በርሷ በኩል ያልፋል። ባሕር በአጠገቧ የለም፤ ቢሆንም በ2001 ዓ.ም. ደረቅ ወደብ ሥራ ጀመረባት። ደረቅ ወደብ ማለት መርከብ የማይደርስበት፥ የመርከብ ጭነት ግን የሚራገፍበት ስፍራ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ኮንቴይነር በሚባል ትልቅ የብረት ሣጥን እንደ ተዘጋ እዚያ ይደርሳል። የኮንቴይነሩ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 12 ሜትር ያህል ነው። አሮጌ ኮንቴይነር ሲገኝም ሰዎች በርና መስኮት አውጥተውለት ሱቅ ወይም ማደሪያ ያደርጉታል።

በወደቡ አቅራቢያ አንዲት ሴት እንዲህ ባለ የብረት ቤት ሻይና ምሳ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ደንበኞቿ የከባድ መኪና ሾፌሮች፥ ረዳቶቻቸውና ጫኝ አውራጆች ነበሩ። ምግብ የምታበስለው በጋዝ ነበረ። የጋዙ ሲሊንደር ከቤቱ ውጭ፥ ከግድግዳው ጎን ቆሞ፥ በጎማ ቱቦ ከምድጃው ጋራ ተያይዞ ነበር። ሲሊንደሩ አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ ዝገትም ጀምሮታል።

ታላቁ ልጇ ትጉህ ተማሪ ነበረ፤ እናቱንም ከልቡ ይወዳት ነበር። አንድ ቀን ከደንበኞቹ አንዱ ሲሊንደሩን አይቶ፥ «ይህ በበር ላይ የቆመው ጉድ ምንድን ነው?» ብሎ ሲስቅ ሰማ። ልጁም አፈረ። የትንሣኤ በዓል ቀርቦ ነበርና ዘመዶቻቸው ከአዳማ ሊመጡ ነው። «እናቴ በእንግዶቿ ፊት አታፍርም» ብሎ በልቡ ቈረጠ።

እናቱ ገበያ በሄደች ጊዜ ከጓደኛው ጋራ ሆኖ በግድግዳው ሥር ጕድጓድ ቈፈረ፤ ሲሊንደሩንም እስከ ወገቡ ድረስ በጕድጓዱ ውስጥ አቆመው። በላዩ የጣውላ ሣጥን ደፋበት፤ የሣጥኑን ስንጥቅ በሸራ ደፈነ፤ በሣጥኑም ላይ አበባ የተተከለባቸውን ጣሳዎች ደረደረ። እናቱ ተመልሳ አበባውን ባየች ጊዜ ደስ አላት፤ ልጇንም መረቀችው። የሣጥኑ ጠርዝ ቱቦውን ጨፍልቆ እንደ ሰነጠቀው ግን እርሷም እርሱም አላዩም። ደግሞም ሁልጊዜ ማታ የምትዘጋው የሲሊንደሩ መክፈቻ በሣጥኑ ስለ ተሸፈነ፥ በዚያን ማታ ሳትዘጋው ተኛች።

ጋዙ በተሰነጠቀው ቱቦ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ አደረ። ማለዳ፥ ጨለማው ገና ሳይለቅ፥ እናቲቱ ሻይ ልትጥድ ተነሥታ ክብሪቷን አነሣች። ጉንፋን ይዟት ስለ ነበረ ምንም አልሸተታትም። በዚህ ጊዜ ትንሿ ልጇ ከመኝታዋ ሆና፥ «እማዬ፥ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸተኛል» አለቻት። እናቲቱ ደነገጠች፤ ክብሪቱን ሳትጭር አስቀመጠች፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፤ ጎረቤቷንም ጠራች።

ጎረቤቷ ብዙ ዘመን በጭነት ሥራ ያገለገሉ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፥ መብራት እንዳታበሪ፤ ማንም እሳት ይዞ አይቅረብ» አሉ። ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው ቀረቡ፤ ሣጥኑን አንሥተው መክፈቻውን ዘጉ። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስም ሁሉም ከቤቱ ርቀው ቆዩ።

ልጁ እያለቀሰ፥ «አባባ፥ እኔ የሸሸግሁት ያሳፈረንን ነገር ብቻ ነበር» አለ። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ያሳፈረህ ዝገቱ ነበር፤ የሸሸግኸው ግን አደጋውን ነው» ብለው መለሱለት። ከዚያም የጋዙን ጠባይ አስረዱት።

ለማብሰያ የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔን ወይም ቡቴን፥ ወይም የሁለቱ ድብልቅ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ እንደ ውሃ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሲወጣ ግን ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ ጋዝ ሲለወጥ 270 ሊትር ያህል ይሞላል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ወርዶ በጕድጓድና በቦይ ይጠራቀማል። በተጠራቀመበትም ጥቂት የእሳት ፍንጣሪ ቢያገኘው ይፈነዳል። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ክፉ ሽታ ያለው ቅመም የሚጨመርበት ሰው ማምለጡን እንዲያውቅ ነው።

ሽታ በሌለው ጋዝ ምን እንደሚደርስ በአሜሪካ አገር ታይቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. መጋቢት ወር፥ በቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ስፍራ፥ የተፈጥሮ ጋዝ በአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ሳይታይና ሳይሸት ተጠራቀመ። በፈነዳም ጊዜ 300 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚያ በኋላ በጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር ሕግ ወጣ።

ሽማግሌው ደግሞ የወደብን ሥርዓት ነገሩት። እሳት የሚያነሣ ጋዝ በመርከብ ሲጫን ወይም በወደብ ሲራገፍ ምልክት ይለጠፍበታል። ምልክቱ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ቀይ አራት ማዕዘን ነው፤ በላዩ የእሳት ነበልባልና 2 ቍጥር ተስሎበታል። ይህም ምልክት ለጌጥ አይደለም፤ የማያውቀው ሰው ሳያውቅ እንዳይቀርበው ነው። «ብልህ ሰው አደጋን ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ስሙንም ይጽፍበታል፤ አይሸሽገውም» አሉት።

ከዚህ በኋላ ሥራው በትልልቅ ሰዎች እጅ እንደገና ተሠራ። የዛገው ሲሊንደር ወደ ሻጩ ተመልሶ በደኅና ተለወጠ፤ ቱቦውም አዲስ ሆነ። ጕድጓዱ ተደፈነ። ሲሊንደሩ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ፥ በጠፍጣፋ መሠረት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንዳይወድቅም በሰንሰለት ታሰረ። ከመንገድ በኩል ብቻ፥ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፥ ዝቅ ያለ የብሎኬት ግድግዳ ተሠራ። ነፋስ እንዲያልፍበት በብሎኬቶቹ መካከል ክፍተት ተተወ፤ ላዩና ጎኖቹም ክፍት ሆኑ። ጣውላና ሸራ፥ ጭድና ደረቅ ቅጠል እንዳይቀርቡት ተከለከለ። መክፈቻውን ለመዝጋት ማንም ሰው ምንም ሳያነሣ እጁን መዘርጋት ብቻ ይበቃዋል። በሽታ የሚጠራጠሩ እንደ ሆነ የሳሙና አረፋ በቱቦው ላይ ይቀባሉ፤ አረፋው ከፈላ ጋዙ ያመልጣል ማለት ነው። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን ራስን መግደል ነው።

ልጁም አበባዎቹን ከሲሊንደሩ አራቀና በግድግዳው ማዶ፥ በመንገዱ በኩል ተከላቸው። በትንሣኤ ዕለት ዘመዶቹ በመጡ ጊዜ ከአበባው በስተ ኋላ ያለውን የሲሊንደር ራስ አይተው ጠየቁ። ልጁ አላፈረም፤ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። አንዲት አክስቱም ወደ አዳማ በተመለሰች ጊዜ፥ በራሷ ጓዳ ከመደርደሪያ ሥር ዘግታ ያኖረችውን ሲሊንደር ወደ ውጭ አወጣች።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ፤ ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የማያምረውን መሸፈን ነውር አይደለም፤ ሰው የተቀደደ ልብሱን ይጥፋል፤ የተላጠ ግድግዳውን ይቀባል። አደጋን መሸሸግ ግን ሌላ ነው። የታመመ ሰው ሕመሙን፥ የተሳሳተ ልጅ ስሕተቱን፥ ባለ ቤትም በቤቱ ያለውን አደጋ ቢሸሽግ፥ ሊረዳው የሚችለውን ሰው ያርቃል። የተገለጠ አደጋ ይጠበቃል፤ የተሸሸገ አደጋ ግን ባለ ቤቱን በጨለማ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ።
1. ደረቅ ወደብ ምንድን ነው?
2. ጋዙ በጕድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው ስለ ምንድን ነው?
3. እናቲቱ በዚያን ማታ መክፈቻውን ያልዘጋችው ለምን ነበር?
4. በመጨረሻ የተሠራው ግድግዳ ከልጁ ሣጥን በምን ይለያል?
5. በመሸፈንና በመሸሸግ መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ ተናገር።