ሣሩ መቼ ይታጨድ?

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ ግቢያችን ሣር ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በገዛ ስሕተታችን የተማርነው ስለ ሆነ ለሌላውም ይጠቅማል ብለናል።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ለዘመን መለወጫ ግቢው አምሮ እንዲታይ በማሰብ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማጭዳችንን ይዘን ወጣንና ከአጥሩ ሥር እስከ ደጀ ሰላሙ ያለውን ሁሉ አጨድን። ሥራችንም ተመሰገነ። መስቀል ሲደርስ ግን ለደመራው የሚሆን አደይ አበባ ከግቢያችን ታጣና ከሩቅ ሜዳ መልቀም ግድ ሆነ። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ አበባውን እኮ ሳይፈነዳ ያጨዳችሁት እናንተው ናችሁ» ቢሉን አፈርን።

አደይ አበባ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ሥሩ ለከርሞ አይተርፍም፤ በክረምቱ ዝናብ ከዘር ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሚያጭድ ሰው የዚያን ዓመት አበባ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ዘር ይወስዳል። በደጋው የሚበቅለው ብዙው ማገጥም እንዲሁ ነው። ሰርዶ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ ስለሚሰድድ ማጭድ እምብዛም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ረጃጅሞቹ ሲቆረጡለት ብርሃን አግኝቶ ይስፋፋል። ዘወትር የሚታጨድ ሜዳ ውሎ አድሮ ሰርዶ ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከቶ አይታጨድ ማለታችን ነውን? አይደለም። ካልታጨደ ረጅሙ ሣር አደይን ገና በቡቃያው ያፍነዋል። ዘንድሮ የተስማማነው በሰኔ መጀመሪያ አራት ጣት ያህል አስቀርተን አንድ ጊዜ እንድናጭድ፣ ከሐምሌ ወዲያ ከመተላለፊያው መንገድ በቀር ማንም ማጭድ እንዳያነሣ ነው። ሁለተኛው አጨዳ ኅዳር ላይ ይሆናል። የደረቀውን የአበባ ራስ በእጃችን ስንነካው ዘሩ በቀላሉ ካልረገፈ ጊዜው ገና ነው። ድርቆሹም የቀረው ዘር እንዲወርድ ሁለት ሦስት ቀን እየተገላበጠ ይደርቅና ለከብት ይሰጣል። እዚያው ከበሰበሰ መሬቱን ያሰባዋል፤ በሰባ መሬት ደግሞ ሣሩ ይበረታል፣ አበባው ይዋጣል። ከገጠር የመጡት ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁብን፤ መሬት እንዳይሰባ የሚደክም ሰው አይተው አያውቁምና!

በዚህ ሥርዓት የማይገዛ አንድ አረም አለ፤ ፓርቲኒየም፣ በብዙ ቦታ ቅንጨ አረም የሚባለው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ታይቶ ከዚያ ወዲህ በብዙ የአገራችን ክፍል ተስፋፍቷል። ይህን በማጭድ መቁረጥ ከንቱ ድካም ነው። ከሥር እንደገና አቈጥቍጦ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ ሳያብብ፣ ዝናብ መሬቱን ባራሰ ማግስት ከነሥሩ ይነቀል። በባዶ እጅ ግን አይሁን፤ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቈስላልም፤ ብናኙም አስም ያለበትን ያስቸግራል። ስለዚህ እጃችንን በጓንት ወይም በፌስታል፣ አፍንጫችንን በነጠላ ጫፍ እንሸፍን። ቀድሞ ያሳከከው ልጅ ወደ ድርቆሹ ሥራ ይዛወር። የተነቀለውንም ከድርቆሹ ጋር አንቀላቅለው፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል።