ሰባት ቤት ከተቆጠረ በኋላ

እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የእናታችሁን ወንድም ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? የአባታችሁንስ ወንድም? ሁለቱንም «አጎት» አይደል? ወደ ሶማሌ ብትሄዱ ግን የአባት ወንድም «አዴር»፣ የእናት ወንድም ደግሞ «አብቲ» ነው። ስማቸው ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡ ውስጥ ያላቸው ቦታም ይለያያል፤ ዘር የሚቆጠረው በአባት በኩል ነዋ።

በአማራው ዘንድ ዝምድና በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ከአባይ ማዶ በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የርስት ሥርዓቱ የቆመው በዚሁ የሁለት ወገን ቆጠራ ላይ እንደነበረ አሳይቷል። ወንዱም ሴቷም ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት ይጠይቁ ነበር። ርስት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀረ። ቆጠራው ግን እስካሁን አለ፤ ምክንያቱም ለጋብቻ ይፈለጋል።

የሰው ልጅ የጋብቻ ዓይነት መቼም አያልቅም። በቲቤት መሬት እንዳይከፋፈል ወንድማማቾች አንዲት ሚስት በጋራ ያገቡ ነበር። በኑዌር ባህል ሳይወልድ የሞተን ሰው ስም ለማስጠራት ወንድሙ በሟቹ ስም ሚስት ያገባል፤ ልጆቹም የሟቹ ይባላሉ። በአፋር ደግሞ የአክስትን ልጅ ማግባት፣ ማለትም «አብሱማ»፣ የቆየ ወግ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለጋይንት ሰው ብትነግሩት «ወይ ጉድ፣ እህቱን?» ይላችኋል። ለእሱ የአክስት ልጅ እህት ናት።

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጋብቻ ሲታሰብ «ሰባት ቤት» ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙ ከሆነ ነገሩ በዚያው ይቀራል። የክርስትና ልጅና የጡት ልጅም እንደ ሥጋ ዘመድ ይታያሉ። በማኅበራዊ ሠራተኝነት ስዘዋወር በስማዳ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የሁለቱን ወገን ሐረግ ያለ ወረቀት፣ በጣታቸው እያጠፉ ቆጠሩልኝ። «አጥንት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ ልጂቱ ስንት ዓመቷ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንጃ፤ ደርሳለች» አሉ። በእውነቱ ማስታወሻቸው ያስቀናል። ግን ሰባት ትውልድ በቃላቸው የያዙ ሰው የልጂቱን ዕድሜ አልያዙም።

ሕጉ የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ዕድሜ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ለሁለቱም 18 አደረገው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው እስከ ሦስት ዓመት፣ ልጂቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ወላጆች ግን ሕጉን ሳይሆን ጎረቤቱን ይፈራሉ፤ «ቆማ ቀረች» እንዳይባል፣ ደግሞም ሳይሞቱ የልጃቸውን ዳር ለማየት። አንዳንዷ በማደጎ ሰበብ ገና ልጅ ሳለች ወደ አማቶቿ ቤት ትሄዳለች።

እዚህ ላይ ስለ ፍቺ ትንሽ ልበል። በአማራ ገጠር ፍቺ አዲስ ነገር አይደለም። በሰማንያ ጋብቻ ሁለቱም ወገኖች ማጫ ያመጣሉ፤ ሲፋቱ ንብረቱ በሽማግሌ ፊት ይካፈላል፤ ሴቷም ዘመዶቿ ስለማይቆረጡባት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ለአዋቂ ሴት ይህ መልካም ነገር ነው፤ ክፉ ባል ይዟት አይቀርም። በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ወጥታለች፣ የምትካፈለው ሀብትም ገና አልተፈራም። «ፈት» ተብላ እቤት መቀመጡ ሲከብዳት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ትወርዳለች። ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ወይም ጠጅ ቤትና ቡና ቤት። በኤች አይ ቪ የመያዝ አደጋ የሚጨምረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ወንዶቹም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ይወርዳሉ፤ ከቤት ርቀው ወራት ቆይተው ይመለሳሉ። ከዚያ ሁለቱም እንደገና ያገባሉ። በሁለተኛው ጋብቻም ሽማግሌ የሚቆጥረው ያንኑ ሰባት ቤት ነው።

ቆጠራው ይቅር አልልም። ደግ ነገር ነው፣ ወጣቱም ቢማረው እወዳለሁ። የምለው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ አጥንት ከቆጠረ አይቀር ሁለት ጥያቄ ይጨምር፤ ዕድሜዋ ስንት ነው? ሁለቱስ ተመርምረዋል? ይህን እናንተ ወጣቶች በየቤታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ከአባት ፊት መናገር ቢከብዳችሁ ለአጎት ንገሩ፤ አጎት የሚፈለገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የምርመራው ነገር ግን እንደ ዝምድናው አይደለም። ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻው ይቀራል፤ ቫይረሱ ከተገኘ ግን የግድ ይቀራል ማለት አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ መውለድም ይቻላል። ውጤቱን ለትዳር ጓደኛ የሚናገረው ባለቤቱ ራሱ ነው እንጂ ለሽማግሌ ጉባኤ የሚቀርብ ወረቀት አይደለም። «ሴቷ ትመርመርና ይበቃል» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ የእሷ ውጤት ስለ እሱ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለቱም አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በቅርቡ ለአደጋ የተጋለጠ ካለ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ በድጋሚ ይመርመር።